እናቴ ያላለፈችበት ዓረፍተ ነገር

«አርዱየስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በደርግ ጊዜ የካ ስንማር አስተማሪያችን «ብዙ ልፋት የሚጠይቅ ማለት ነው» አለና ዓረፍተ ነገር ሥሩበት አለን። እናቴ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባዋ እያወረደች ሸጣ ነው ያሳደገችኝ፤ «የእናቴ ሥራ አርዱየስ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ ሰረዘው። «ይሄ ቃል ለአብዮታዊ ትግል እንጂ ለቅጠል ሻጭ አይባልም» ሲል ክፍሉ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ ለችግኝ ተከላ ዘመቻ እንጦጦ ወጣን። አስተማሪያችን ባዶ እጁን ወጥቶ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያለከልካል። እናቴ ቅጠሏን ተሸክማ ስትወርድ አየችውና ሸክሟን ሳታወርድ ቆማ «ደከመዎት እንዴ ጌታዬ?» አለችው።

«አቀበቱ አይቻልም እኮ» አላት።

«ቲቸር፣ በእንግሊዝኛ ይንገሯት እንጂ» አልኩ።

ሰኞ አንበርክኮኝ ዋለ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አልቀየርኩም።