የእድሩ ክፍልና የማሪሶል ቅዳሜ

አቶ ይመር ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንሶላቸውን ሊያጥቡ ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ ክርክር ፍለጋ አልነበረም። ክርክር ግን እሳቸውን ፈልጎ አጥቶ አያውቅም። በውጭ አገር፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው የስደተኞች ሠፈር፣ በዚያ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖረዋል። በሱዳን በኩል ተሰደው መጡ፣ ታክሲ ነዱ፣ ጡረታ ወጡ፤ አሁን የሕንፃው ሐበሾች እድር ሊቀመንበር ናቸው። የመሰብሰቢያውን ክፍል ቁልፍም በአንገታቸው አንጠልጥለው ይዞራሉ።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማሪሶልን አገኟት። ይህች የኤል ሳልቫዶር ልጅ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ከወላጆቿ፣ ከአያቷና ከሦስት ወንድሞቿ ጋር በሁለት መኝታ ቤት የምትኖር፣ የአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት። ቤት ውስጥ መቀመጫ ስለማታገኝ የልብስ ቅርጫት ገልብጣ ማድረቂያው አጠገብ ታጠናለች።

«እንዴት ነሽ፣ ኢንጂነሯ?» አሏት በእንግሊዝኛ።

«ሰኞ ትምህርቱን ልተወው ነው፣ ሚስተር ይመር። ፊዚክሱ አልገባኝም። አክስቴ ዳቦ ቤት ሥራ አግኝታልኛለች።»

አቶ ይመር ደነገጡ። «አስተማሪውን ጠይቀሽዋል?»

«ሁለት መቶ ሰው ፊት? ኧረ አልጠይቅም!» አለችና ቅርጫቷን ተሸክማ ወጣች።

እሷ ስትወጣ ጸዮን ገባች። ጸዮን ከአዲስ አበባ ለትምህርት ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ፎቅ ትኖራለች፣ በኬሚስትሪ ማስተርሷን ትሠራለች።

«ጋሽ ይመር! እግዜር አገናኘን። ሁለት ቀን ሙሉ በርዎን ሳንኳኳ ነበር።»

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ክፍሉን ፈልጌ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ግራንት፣ የድጋፍ ገንዘብ፣ አግኝቷል፤ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ለሚማሩ የላቲን አሜሪካ ልጆች። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎቹን ቲውተር ያደርጋሉ፣ ያስጠናሉ፤ የመጽሐፍና የአውቶቡስም ይከፈላል። እኔም አፕላይ አድርጌ ቲውተር ሆኛለሁ። ካምፓሱ ሩቅ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ እዚሁ ሠፈር ናቸው። የቀረን ቦታ ብቻ ነው። የሕንፃውን ማኔጅመንት ስጠይቅ ግን ቅዳሜ የእድር ነው አሉኝ።»

«ልክ ብለዋል።»

«እድሩ የሚሰበሰበው በወር አንዴ አይደለም እንዴ? ሦስቱ ቅዳሜ ለምን ይቆለፋል?»

«ሰው ቢሞትስ?» አሉ አቶ ይመር አንሶላውን ማጠቢያው ውስጥ እየከተቱ። «ሞት እንደሆነ ቀጠሮ የለው!»

እውነቱን ለመናገር፣ ባለፉት አራት ዓመታት በዚያ ሕንፃ ቅዳሜ ቀን የሞተ የእድር አባል የለም። ክፍሉ ግን ሞትን እንደ ክቡር እንግዳ እየጠበቀ፣ ወንበሮቹ ተደራርበው ተቆልፎ ይውላል። ለሚመጣው ሐዘን ቦታ መያዝ እናውቅበታለን፤ ለሚመጣው ደስታ ግን ቦታ ሲያዝ ብዙም አይታይም።

«ደግሞስ» ቀጠሉ አቶ ይመር፣ «ለምን ለስፓኒሾቹ ብቻ? የእኛ ልጆች አይማሩም? እኛ ስንመጣ ማን አስጠናን? ወይ ለሁሉም ይስጡ፣ ወይ ለማንም አይስጡ። አድልዎ አልወድም።»

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእትዬ አበራሽ ባለቤት ያረፉ ጊዜ እድሩ ምን አደረገ?»

«ምን ያላደረገው አለ! ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ምግቡ ሳምንት ሙሉ እሷ ቤት ነበር። ሰዉ በተራ ሲያመሽ ሰነበተ።»

«ለእርስዎስ ቤት ወንበር ተላከ?»

«ለምን ይላካል? እኔ ቤት ማን ሞቶ?»

«ታዲያ አድልዎ ነው ብለው ለምን አልከሰሱም?»

አቶ ይመር የማጠቢያውን ክዳን ዘግተው አስነሡት። ማጠቢያው መንጫጫት ጀመረ።

«ለመሆኑ የምትማሪው ኬሚስትሪ ነው ሕግ?» አሏት።

ጸዮን ሳቀች፣ ነገር ግን አልለቀቀቻቸውም። «ሁሉም ያዋጣል፤ ወንበሩ የሚሄደው ግን ሐዘን ወደገባበት ቤት ነው። ግራንቱም እንደዚያው ነው፣ ጋሼ። ዩኒቨርሲቲያችን እንዳስቆጠረው፣ እነዚህ ልጆች ከማንም የማያንስ ውጤት ይዘው ይገባሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱን ድሮፕ የሚያደርጉት ግን ከሌላው ይበልጣሉ። ሰንፈው አይደለም። ማጥኛ ቦታ የላቸውም፣ ማታ ይሠራሉ፣ ከዘመድ ዩኒቨርሲቲን ያየ ስለሌለ ማንን እንደሚጠይቁ አያውቁም። ሐዘኑ እነሱ ቤት ነው የገባው። እኛም ቤት ሲገባ ደግሞ እኛ እንጠይቃለን፤ አጠያየቁንም ከነሱ እንማራለን። መጥቶ ለሚቀመጥ የሐበሻ ልጅም በሩ አይዘጋም።»

«ጎበዝ ልጅ አስጠኚ አይፈልግም» አሉ አቶ ይመር፣ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም። «በእኛ ጊዜ የሚጠይቅ ተማሪ ይሳቅበት ነበር።»

«ዝም ያለውስ የት ደረሰ?»

ይህን ስትጠይቅ ነገር አስባ አልነበረም። አቶ ይመር ግን ግድግዳው ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ዝም ያለው ታክሲ ነዳ» አሉ። «እዚህ እንደመጣሁ ኤሌክትሪክ ልማር ኮሌጅ ገብቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ላብራቶሪ ውስጥ የተሰጠንን መሣሪያ እንዴት እንደማበራው አላወቅሁም። አጠገቤ ያለው ልጅ ያውቃል። ልጠይቀው ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ። ይኸ ሐበሻ ማብራት እንኳ አይችልም ይለኛል ብዬ። ሦስት ሳምንት የሠራሁ መስዬ ባዶ ወረቀት ታቅፌ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀረሁ። ለሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ትምህርቱ ከሥራ ጋር አልገጠመም አልኳት። ታክሲ ጥሩ ነው፣ ሳትጠይቂው አድራሻውን ራሱ ተሳፋሪው ይነግርሻል።»

ጸዮን አጠገባቸው ተቀመጠች። እኚህን ሽማግሌ ልትረታ መጥታ፣ አሁን መርታቷ አሳፈራት።

«ያቺ ስትገቢ የወጣችው ልጅ፣ ማሪሶል፣ ሰኞ ትምህርቷን ልትተወው ነው» አሉ አቶ ይመር ቅርጫቱ ተገልብጦ ወደነበረበት ቦታ እያዩ። «አሁን ነው የነገረችኝ። በየሳምንቱ ሳያት ጎበዝ ናት እያልኩ አልፋለሁ። አንድ ቀን እንኳ የቱ ነው ያስቸገረሽ አላልኳትም።»

«ነገ ከጀመርን ትደርሳለች፣ ጋሼ።»

ቁልፉን ከአንገታቸው ሲያወልቁ ገመዱ መነጽራቸው ላይ ተጠላልፎ አስቸገራቸው። ጸዮን አላቀቀችላቸውና ቁልፉን ተረከበች።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ይመር ስድስተኛ ፎቅ ወጥተው በሩን ራሳቸው አንኳኩ። ማሪሶል አልመጣም ብትል፣ እናቷ የፊዚክስ መጽሐፏን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችላት። በእድሩ ክፍል ጸዮን የሰበሰበቻቸው ልጆች ከማሪሶል ጋር አሥራ አንድ ሆኑ። ማሪሶል ግማሽ ሰዓት ገጽ ስታገላብጥ ቆይታ በመጨረሻ አጠገቧ ያሉትን በስፓኒሽ አንድ ነገር ጠየቀች። ሁለት ልጆች «እኔም አልገባኝም!» ብለው ወንበራቸውን ወደሷ ጎተቱ። ሰኞ ዳቦ ቤቱ ሌላ ሠራተኛ ፈለገ።

ለውጥ ግን በአንድ ቁልፍ አያልቅም፤ የእድሩ ስብሰባ ደረሰ። ወይዘሮ አበራሽ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ሊቀመንበር፣ ክፍላችንን ሳያማክሩን ለስፓኒሽ ልጆች ሰጡት አሉ። ለመሆኑ ማን ሞቶባቸው ነው?»

አቶ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለማማከሬ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መስጠቴ ግን ጥፋት አይደለም። ከአሥራ አንዱ ልጆች እስካሁን አንድም ትምህርቱን አልተወም። የጎረቤታችንን የሀፍሳን ልጅ ጨምሮ ሦስት የእኛ ልጆች ከነሱ ጋር ተቀምጠው ሒሳብ እየተማሩ ነው። ጸዮን ደግሞ ለእኛም ልጆች ግራንት እንዴት እንደሚጠየቅ ታሳየናለች፤ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን። እነዚህ ልጆች ነገ መሐንዲስ ሲሆኑ የሚጠቀመው ሠፈሩ ሁሉ ነው። እስከ ዛሬ የተሰባሰብነው ሰው ሲሞት ነው። ይህን ክፍል የሰጠሁት ሰው በቁሙ እንዳይቀበር ነው። እኔ በቁሜ የተቀበርኩ ጊዜ ማንም አላወቀልኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።»

ከዚያም የባዶ ወረቀቱን ታሪክ ለሁሉም ነገሩ። ሲጨርሱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ወይዘሮ አበራሽ አሁንም አልተቀመጡም። «እና እነዚህ ልጆች» አሉ ዙሪያቸውን እየቃኙ፣ «ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ሲያጠኑ ምሳ የሚያበላቸው ማነው?»

ወዲያው እንደ ለቅሶ ቤት የምግብ ተራ ወጣ፤ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ወይዘሮ አበራሽ ወሰዱ።