ውሃ አልነካውም

ከማርቆስ ወደ ሉማሜ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለው የኤሌክትሮኒክስ መምህር ላፕቶፑን ከፈተ።

«አባ፣ ይኼ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሉት ነው። እንደ ሐኪም ይጠይቅና ብልሽቱን ይናገራል።»

«ይጠይቃ። ነገ ንግሥ ነው፣ ያለዚህ ውጭ የቆመው ሕዝብ አይሰማም።»

«መብራቱ ይበራል?»

«ይበራል።»

«ድምፁስ?»

«ይንጫጫል እንጂ ቃል አያወጣም።»

«ወድቆ ነበር?»

«አልወደቀም።»

«ውሃ ነክቶታል?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው ቦርዱ ተቃጥሏል ይላል። ቦርዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይገኝም።»

«ነገ በጉሮሯችን ልንቀድስ ነዋ።»

«ከመበላሸቱ በፊት ምን አደረጋችሁት?»

«ምንም። አዲስ ስለሆነ ባርኬ ጠበል ረጨሁት እንጂ።»

«በየት በኩል?»

«በእነዚህ ቀዳዳዎች።»

«አባ፣ ውሃ ነክቶታል ወይ ስልዎት የለም አሉኝ እኮ።»

«ልጄ፣ ጠበል ነው የምልህ።»

መምህሩ አንዱን መልስ አጥፍቶ እንደገና ጻፈ።

«አሁንስ ምን አለ?»

«ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት ይላል።»

በየጠዋቱ ቤቱን ሁሉ ጠበል የምትረጨው እናቴና ባለፈው ሳምንት ድንገት ድምፁ የጠፋው ቴሌቪዥናችን ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ።