ሟቹ የትኛው ኮከብ ነበር?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በፊት አንቺ ባለቤቱ፣ አንቺም ልጁ፤ በዚህ ፀሐይ ብዙ አላቆማችሁም።

ይህ ወንድሜ የሰማይ ተመራማሪ ነበር። ሩቅ ሰማይ ላይ አንድ ግዙፍ ኮከብ ሲፈነዳ ሌላው ሰው እሳቱን ያያል። እሱ ግን ይጠይቃል። ሟቹ ማን ነበር? ከመፈንዳቱ በፊት ምን ያህል ትልቅ ነበር? ቀይ ነበር ወይስ ሰማያዊ? ብቻውን ነበር ወይስ ጓደኛ ነበረው? መልሱን ፍለጋ ድሮ በቴሌስኮፕ የተነሱ ፎቶዎች ላይ አጎንብሶ ይውላል። ዓይኑን የጨረሰው እዚያ ነው።

አንዴ ቢሮ ውስጥ "የፈነዳውን ኮከብ አገኘነው" ብለን ኬክ ስንቆርስ ታስታውሳላችሁ? እሱ ቁጭ እንኳ አላለም። "ቆይ" አለን። "መጀመሪያ ፍንዳታው ይክሰም። ከዚያ ቦታውን እንደገና ፎቶ እናንሳው። ኮከቡ ከጠፋ እሱ ነው። ካለ ግን በቁሙ ቀብረነዋል።" ሟርተኛ አልነው። ዓመታት አለፉ፣ ብርሃኑ ከሰመ። ኮከባችን እዚያው ቁጭ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ጋሽ ቆይ ሆኖ ቀረ።

ቆይ ማለት ግን ሰውም ይገድላል። ታሞ ሐኪሙ "ኦፕራሲዮኑ ዛሬ ነገ አይባልም" ሲለው፣ ቆይ አለ። ልጁ እግሩ ላይ ወድቃ ስትለምነው፣ ቆይ አለ። ምን ነበር የሚጠብቀው? የራሱን ኮከብ ነበር። ለሌላ ፍንዳታ ከድሮ ፎቶ ለቅሞ "ሟቹ ይሄ ነው" ያለውን። አዲሱ ፎቶ ሊነሳ ትንሽ ቀርቶት ነበር። "እሱን ሳላይ ቢላዋ ስር አልተኛም፤ ካልነቃሁስ?" አለኝ። እልኸኛ ነበር። ተናድጄበታለሁ፣ አሁንም እዚህ ቆሜ ተናድጄበታለሁ።

ፎቶው ትናንት ደረሰ። እሱ ሬሳ ክፍል ነበር።

ለባለቤቱ አሳየኋት። ፎቶውን መለሰችልኝና "ቢሆንም ቀብሩ ላይ ትክክል ነበር በልልኝ" አለችኝ። እሺ ልላት ነበር። ልጁ ግን ከጎኗ ሆና "አይሆንም ጋሼ፣ አባዬ ውሸት አይወድም" አለች። እህቴ፣ ይቅር በይኝ። ልጅሽ እውነቷን ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ አፈር ሳይጫንህ ከእኔ ስማው። ተሳስተሃል። የፈነዳው ሌላ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ገና አናውቅም፣ እንፈልገዋለን። ያ ሞቱን ስትጠብቅለት የነበረው ኮከብ አለ። አንተ የለህም። ደህና ሁን።