የካርታው ጥግ ላይ ያለችው አሻራ

ትራውት አይሸትም! ማንም አልጠየቀሽም ትሉኝ ይሆናል፤ ባትጠይቁኝም እመልሳለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «የሻይ ክፍሉ ዓሣ ዓሣ ይላል» እየተባለ ስሜ ሲጠፋ ኖሯል። በዚህ ቢሮ የሚሸት ነገር ካለ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ካልሲ ነው። አትሳቅ፣ አንተን ነው የማወራው! ትራውት እኮ ከቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ በቀር የማይኖር፣ ጎኑ ላይ ነጠብጣብ የተበተነበት፣ ከብዙ ሰው የሚሻል ንጹሕ ዓሣ ነው። ይህን ያስተማረኝ ደግሞ ያው፣ አበባ አሳቅፋችሁት እንደ ሙሽራ አንገቱን የደፋው ሰውዬ ነው።

እሺ፣ እሺ፣ ወደ ሽኝት ንግግሩ ልግባ። ሥራ አስኪያጃችን «እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። አምስት ደቂቃማ ለኔ ጉሮሮ መጥረጊያም አትሆንም።

የመጣ ቀን በአንድ እጁ የሚዛን ብረቶቹን ሳጥን፣ በሌላው ረጅም ጥቁር ቱቦ ይዞ በሩ ላይ ገተር አለ። ዘበኛችን «ጌታው፣ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለው። እሱ ኮስተር ብሎ፣ «መሣሪያስ መሣሪያ ነው፤ እስካሁን ግን አንድም ሰው አልመታም። ዓሣም ቢሆን አልፎ አልፎ ነው» አለ። ቀጥሎ ሻይ ክፍሌ ገባና አንዲት ጣሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እኔ ምኗ ሞኝ! ስኳር መሰለኝ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው፣ ገና በመጣበት ቀን ስኳር ይዞ መጣ ብዬ ማንኪያ ከተትኩ። ትል! የሚርመሰመስ የአፈር ትል! ጩኸቴ ሦስተኛ ፎቅ ተሰምቷል። ሮጦ መጣ። ለኔ ደንግጦ መሰላችሁ? ጣሳውን አንስቶ አገላብጦ አየና፣ «ተመስገን፣ ማንኪያው አልነካቸውም» አለኝ።

ሥራውን ታውቁታላችሁ። በየከተማው እየዞረ የሱቁን፣ የሥጋ ቤቱን፣ የወፍጮ ቤቱን ሚዛን በዚያ ሳጥን ብረት ይፈትናል። ለዚህ ነው ሁላችሁም «ጋሽ ሚዛን» ያላችሁት። ሌላው ሰው የመስክ ትዕዛዝ ሲደርሰው አልጋ ይጠይቃል፣ መኪና ይጠይቃል። እሱ ኮሪደሩ ላይ ካለው ካርታ ፊት ይቆማል። ጣቱን የሚሄድበት ከተማ ላይ ያሳርፍና ሰማያዊዋን መስመር ይዞ ሽቅብ መውጣት ነው። «እትዬ፣ እነዚህ ቡናማ መስመሮች ተጠጋግተው አየሽ? እዚህ ጋ ዳገት ነው። ዳገት ካለ ውሃው ይወድቃል፤ ሲወድቅ አየር ይጠጣል። ትራውት ከዚያ ሥር አይጠፋም» ይለኛል።

እኔና ፊደል ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተናል። ካርታውን ግን በሱ ጣት ተማርኩት። የካርታውን መስታወት ሰኞ ሰኞ የምወለውል እኔ አይደለሁ? ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ሳትጽፍ፣ የት እንደሚወጣ በአሻራው አውቅ ነበር።

ከተማው ሲደርስ ደግሞ ሆቴሉን አይጠይቅም። «የሆቴል ሰው ዓሣ የሚያውቀው ሳህን ላይ ነው» ይላል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ፈልጎ፣ «እህቶቼ፣ ውሃው እጅ ያደነዝዛል?» ብሎ ይጠይቃል። «ኧረ ምን ያደነዝዛል፣ ይቆርጣል እንጂ!» ካሉት ፊቱ ይበራል። «ለብ ያለ ነው» ካሉት ሄዶ ይተኛል። አንዴማ አንዷ ምላሰኛ፣ እንደኔ ያለችው፣ «ወንድሜ፣ እንዲህ ካሳሰብንህ ና እጠብልን» አለችው። ሱሪውን ሰብስቦ ገባ እኮ! ብርድ ልብስ ሲያጥብላት ዋለና ድልድዩ ሥር ያለውን ጥልቅ ቦታ አሳየችው። ሾፌራችን፣ ምን አልክ? «ሁለት ብርድ ልብስ»? ይኸው፣ ምስክር አለኝ። ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይባላል፤ እሱ በሳሙና አደረገው።

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። ሥራው ሳያልቅ ያ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከቱቦው አይወጣም። ሥጋ ቤቶቹ ሲያመላልሱት ውለው ፀሐይ የጠለቀችበት ቀን ስንት ነው! ውሃውን ዳር ቆሞ አይቶት፣ ዘንጉን ሳያወጣ ይመለሳል።

ባለ ሱቅ አሥር ግራም ቢያጎድል እንደዚያ የሚቆጣ ሰውዬ፣ ያመለጠውን ዓሣ ሲያወራ ደግሞ ጉድ ነው። ጠዋት ሻይ ላይ ይህን ታህል የነበረች፣ ምሳ ሰዓት ላይ በበር አትገባም። «አንተ ሰው፣ ሚዛንህ የት ሄደ?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ ያመለጠ ነገር አይመዘንም።» የያዘውን ግን በበረዶ ሳጥን አምጥቶ፣ መፈተኛው ሚዛን ላይ ጭኖ፣ ለዘጠኛችን እኩል ነው የሚያካፍለው። ጭራ የደረሰው ሰው ካኮረፈ ከራሱ ድርሻ ቆርጦ ይጨምርለታል።

አሁን አትሳቁ። እዚያ ጋ ብስኩቱን የምትጨርሰውን ልጅ አያችኋት? የልጄ ልጅ ናት። ስትወለድ ያለጊዜዋ ነው የመጣችው፤ እጄ መዳፍ ላይ ትተኛ ነበር። ክሊኒኩ በየሳምንቱ ይመዝናታል። ሁለት ኪሎ ደረሰች፣ ደስ አለን። በሳምንቱ ሁለት ኪሎ። በሚቀጥለውም ሁለት ኪሎ። ልጄ «ወተቴ ውሃ ነው» እያለች ታለቅሳለች፣ እኔ እዚህ መስታወት እየወለወልኩ አለቅሳለሁ። ይሄ ሰውዬ አላጽናናኝም፤ ማጽናናትም አይችልበት። «ክሊኒኩ የት ነው?» ብቻ አለኝ። በምሳ ሰዓቱ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣ። የሕፃናቱ ሚዛን ላይ የሁለት ኪሎ ብረት ጫነ፤ መርፌው ሁለት አለ። ግማሽ ጨመረበት፤ አሁንም ሁለት። ቀና ብሎ፣ «እትዬ፣ ልጅቷ ጨምራለች። ሞላው ዝጎ፣ መርፌው ነው ማለፍ ያቃተው» አለኝ። ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ እሷን አስተኛበት። ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ! ልጄ ያን ቀን ነው እንቅልፍ የወሰዳት። እኔ ለዚህ ሰው እስከዛሬ በቅጡ አመሰግናለሁ ብዬው አላውቅም፤ ተሳድቤ ነው የኖርኩት። አመሰግናለሁ። ይኸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አልኩህ።

ታዲያ ሰሞኑን በሱ ተናድጃለሁ፤ ለምን? ልንገራችኋ። ካርታው ላይኛው ጥግ፣ ሰማያዊዋ መስመር የምትጀምርበት፣ የዝንብ እግር የምታህል ነጥብ አለች። ሱቅ የለባት፣ ወፍጮ የለባት፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ወደዚያ አልተላከም። ግን ሰኞ ሰኞ አንዲት አሻራ እዚያች ነጥብ ላይ ትጠብቀኛለች። «እዚህ ምን አለ?» ስለው፣ «ምንጩ ነዋ፣ እትዬ። ከታች እንዲህ ያለ ትራውት ካለ፣ እዚያ ላይ ምን ይኖር!» ይለኛል።

የጡረታው ደብዳቤ ከደረሰው ወዲህ ያቺ አሻራ ጠፋች። አንድ ሰኞ መጣሁ፣ መስታወቱ ንጹሕ። ሌላም ሰኞ፣ ንጹሕ። ስድስት ሰኞ! ንጹሕ መስታወት እንዲህ ሆድ ያስብሳል ብዬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ዘንጉን ከነቱቦው ለዘበኛው ሰጠው። «ምን ነካህ?» አልኩት። «እትዬ፣ ከእንግዲህ ማን ይልከኛል? እኔ ሰው ሳይልከኝ ለራሴ ብዬ ወጥቼ አላውቅም» አለ። ይሄን ሰምቼ ዝም ልበል?

ሻይ ይዤ ሥራ አስኪያጃችን ቢሮ ገባሁ። «እዚያ ካርታው ጥግ ላይ ሰው ይኖራል?» አልኳቸው።

«ይኖራል።»

«ሰው ካለ ልጅ ይወለዳል?»

«እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ልጅ ከተወለደ በምን ይመዘናል?»

ሻዩን ሳይጠጡ ስልክ አነሱ። ክሊኒክ አለ። የሕፃን ሚዛን አለ። ከተሰቀለ ስምንት ዓመቱ ነው፣ የፈተነው ሰው የለም።

ስለዚህ፣ ይኸው ከሽርጤ ኪስ የወጣ የመስክ ትዕዛዝ። ማህተሙን አየህ? አንተን ነው፣ ቀና በል! ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ጡረታህ የሚጀምረው ሰኞ። ነገ ጠዋት ገና የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፣ እምቢ ማለት አትችልም። ለዓሣው ብቻ የላክንህ እንዳይመስልህ፤ እዚያ ላይ ወተቴ ውሃ ነው ብላ የምታለቅስ እናት ትኖር ይሆናል። ዓርብ ሚዛኑን ትፈትናለህ፣ ቅዳሜና እሁድ ዘንግህን ታወጣለህ። ከሰኞ በኋላስ ማን ይልከኛል ካልክ፣ እኔ እልክሃለሁ። ማህተም የለኝም፤ አፍ ግን አለኝ።

ሾፌራችን፣ አንተ ውረድና ቱቦውን ከዘበኛው ተቀብለህ መኪና ውስጥ ክተት። እናንተ ብርጭቆ አንሱ፤ ሻይም የያዘ፣ ለስላሳም የያዘ። ጋሽ ሚዛን! ውሃው እጅ የሚያደነዝዝ፣ ልብ የሚያሞቅ ይሁንልህ። ጉልበትህ ዳገቱን አይፍራ። ያመለጠህ ሁሉ እዚያ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቅህ፣ አንዱ እንኳ በመጨረሻ ይመዘን! ጠጡ እንጂ፣ ምን ታዩኛላችሁ! አበባውን በእንባ አታርጥበው፣ አንተ ደግሞ።

ማነው በር ላይ የሚጮኸው? ሾፌሩ ነው?

«እትዬ! ዘበኛው አልመልስም አለ! ዘንጉን አውጥቶ ልብስ አስጥቶበታል!»

ምን አልክ? ሸሚዙን አውርድበት! መጣሁ! አንተ ተነስ፣ አትቀመጥ። ኮሪደሩ ጋ ሂድና ጣትህን እዚያች ነጥብ ላይ አሳርፍ። ሰኞ ስመጣ ላግኛት፤ አልወለውላትም። መጣሁ አልኩ እኮ!