ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ጊዜ

የተከበራችሁ የፌንስትራ ቤተሰቦች፣ ክቡር ፓስተር፣ ክቡር የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት፣ መምህራን፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ምሩቃን፣ እርሻችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶች፤ ከኋላ የቆማችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ። ሣሩ እርጥብ መሆኑን አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ሎርና ለጫማው ለሚሳሳ ሰው አታዝንም ነበር።

ዴል ኦስትራንደር እባላለሁ። በዩኒቨርሲቲያችን በሃስኬት ሠላሳ አራት ዓመት ዋና አሠልጥኛለሁ። ንግግር አልችልበትም። የምችለው ሁለት ነገር ነው፤ ፊሽካ መንፋትና "እግርህን አንቀሳቅስ!" እያሉ መጮህ። ፊሽካዬን ይዤ እንዳልመጣ ከርት፣ የሎርና የወንድም ልጅ፣ ትናንት አስምሎኛል።

እንግዲህ ሎርናን ልንሸኛት ነው የቆምነው።

ሎርና ማን ነበረች? የሃስኬትን ዋና ሕንፃ ኮሪደር የማያውቅ ሰው እዚህ የለም። ስማችን ዩኒቨርሲቲ ይባል እንጂ ሁላችንም በአንድ አዳራሽ ምሳ የምንበላ ዘጠኝ መቶ ሰዎች ነን። በኮሪደሩ በግራ በኩል የስመ ጥር ምሩቃኖቻችን ፎቶ ተሰቅሏል። ማን ሰቀለው? ሎርና። በመጽሔታችን የመጨረሻ ገጾች ላይ የእያንዳንዳችሁን ሠርግ፣ ልጅ፣ ሹመትና ሐዘን የጻፈው ማነው? ሎርና። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሎርና።

እኔ እዚህ በመጣሁ ሰሞን የነበሩት ፕሬዚዳንት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከእንግዶች ጋር በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆም አሉ። ሴናተሩ አለ። ዳኛዋ አለች። በሁለቱ መሃል ግን ቱታ የለበሰ ሰው፣ ውሃ የሞላበት ጠርሙስ ይዞ፣ ፀሐይ ዓይኑን ወግቶት ቆሟል።

"ሎርና፣ ይሄ ደግሞ ማነው?"

"ሎይድ ሃገርቲ። የ1961 ምሩቅ። ኬሚስትሪ።"

"ምን ሆነ?"

"ገበሬ ሆነ።"

"አይ፣ ማለቴ ምን ሠራ?"

"በየጸደዩ ስድስት ወረዳ እየዞረ የየቤቱን ጉድጓድ ውሃ ይመረምራል። ማዳበሪያው ጉድጓድ እየገባ ሕፃናት ከንፈራቸው እየጠቆረ ይታመሙ ነበር። እሱ ከጀመረ ወዲህ በነዚያ ቤቶች አንድም ሕፃን አልታመመም። ማንም አላዘዘውም።"

ፕሬዚዳንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መልካም። ግን እንዲያው ከሴናተሩ ትንሽ ራቅ ቢል?"

"እሺ፣ ሴናተሩን ላርቀው?" አለቻቸው።

ሳቁ እንጂ፣ ግድ የለም፣ ሳቁ! እሷም ብትሆን እያሳቀች ነበር የምትገዛን። ሎይድ ዛሬም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ሴናተሩም አላኮረፈም። ሎርና ዝናን በእጇ መዝና የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ስሙ የገነነ ሰው ሲመጣላት ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ "ለማን ጠቀመ?" ትላለች። መልስ ካጣች ትተወዋለች።

ስህተት አልሠራችም ወይ? ሠርታለች። ትልቅ ስህተት ሠርታለች! በ1994 የበልግ እትም ላይ የ1952 ምሩቁን ሜርል ቶርሰንን ከሟቾች ዝርዝር አስገባችው። ሜርል ግን አልሞተም። የሞተው ስሙ ከሱ ጋር አንድ የሆነ፣ እሱም የኛው ተማሪ የነበረ የአጎቱ ልጅ ነው። መጽሔቱ በወጣ በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። እኔ ፖስታ ልወስድ ገብቼ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሜ ነበር።

"ወይዘሪት ፌንስትራ?"

"አቤት።"

"ሜርል ቶርሰን ነኝ።"

ፊቷ ወረቀት መሰለ። "የ... የ1952ቱ?"

"አዎ። መጽሔታችሁ ሞተሃል ብሎኛል። ባለቤቴን ጠየቅኳት፤ እሷም እርግጠኛ አይደለሁም አለችኝ።"

ሌላ ሰው ቢሆን በሚቀጥለው እትም "ይቅርታ እንጠይቃለን" ብሎ ያልፍ ነበር። እሷ በማግስቱ የፖም ፓይ ጋግራ፣ አምስት ሰዓት ነድታ፣ ሚኒሶታ ድረስ ሄደች። በሩን ራሱ ከፈተላት። "ምን ያህል ተናደሃል?" አለችው። "መሞቴን ለምጄዋለሁ፤ ያናደደኝ በሁለት መስመር መሞቴ ነው" አላት። በዚያው ቁጭ ብላ ጠየቀችው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ሎርና ግን ስትጎረጉር የምታወጣው ወርቅ ነበር። ሜርል መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሯል። ከበሮውን በእግራቸው እንዲሰሙ ብሎ በገዛ እጁ የእንጨት ወለል አንጥፎ ልጆቹን ጭፈራ አስተምሯል። ይህን ሃስኬት ውስጥ ማን ያውቅ ነበር? ማንም!

ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም ሲባል ሰምታችኋል። ሎርና ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን አባባል ጠላትዋ አደረገችው። ሰው በሕይወት እያለ መደወል ጀመረች። ከእናንተ መሃል እሑድ ከሰዓት በኋላ "ሎርና ነኝ፤ ምን እየሠራህ ነው? አታሳምርልኝ፣ እውነቱን ንገረኝ" የሚል ስልክ ያልደረሰው ማነው? እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም የለም።

አሁን ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን ልንገራችሁ። ከርት ተናገር ብሎኛል። አርባ ስምንት ዓመት የምሩቃኖቻችንን ስም የጻፈችው ሎርና ፌንስትራ ራሷ ምሩቅ አልነበረችም።

አትንሾካሾኩ፤ የሰማችሁት ልክ ነው።

በ1973 ትምህርቷን በሙሉ ጨርሳለች። ውጤቷም ከብዙዎቻችሁ ይበልጣል፤ መዝገቡን አይቼዋለሁ። የቀራት አንድ ነገር ነው። የድሮ ደንባችንን ታስታውሳላችሁ። ሁለት ተማሪዎች ወንዛችን ውስጥ ከሰጠሙ ወዲህ፣ ገንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ጊዜ ያልዋኘ ሰው ዲግሪ አያገኝም ተባለ። ላቲን ብታውቅ፣ ፍልስፍና ብትጠጣ፣ ካልዋኘህ አትመረቅም። ሎርና ደግሞ በስድስት ዓመቷ የአባቷ ከብቶች የሚጠጡበት ኩሬ ውስጥ ወድቃ፣ ልትሞት ስትል ነው በጸጉሯ ጎትተው ያወጧት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ እሷን ግን ለአንዲት ቀን እንኳ አላሳቃትም። ሦስት ጊዜ ገንዳው ዳር መጣች። ሦስት ጊዜ ልብሷን ለብሳ ተመለሰች። ከዚያ ቢሮ ውስጥ "ለጊዜው" ብላ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች።

ደንቡ በ1996 ተሻረ። መዝጋቢዋ ፓም ዴቭሪስ እዚህ አለች፤ ትመሰክራለች። "ሎርና፣ አንድ ወረቀት ፈርሚና በአዲሱ ደንብ ተመረቂ" አለቻት። ሎርና ምን አለች? "በገባሁበት ደንብ ነው የምወጣው።" ሦስት ፕሬዚዳንቶች በየተራ የክብር ዲግሪ እንስጥሽ አሏት። ሦስቱንም አመስግና መለሰቻቸው።

ባለፈው መስከረም በአንድ ጠዋት ቢሮዬ ገባች። ካፖርት ለብሳለች፣ በእጇ ፌስታል ይዛለች።

"አሠልጣኝ፣ አንድ ሰው ዋና ታስተምርልኛለህ?"

"ዕድሜው ስንት ነው?"

"ሰባ ሁለት። ጉበቱም ታሟል።"

"ሐኪም ፈቅዶልሻል?"

"ሐኪሜ የ1998 ምሩቅ ነው። ሠርጉን በመጽሔት ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ምን ዓይን አለውና ይከለክለኛል? እስከ ፋሲካ ነው ያለኝ። ስለዚህ ወሬህን አሳጥር።"

ፊቷን ውሃ ውስጥ ለመንከር ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ክንዴን ይዛ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ የጣቶቿ ምልክት እስከ ማታ አይጠፋም። ከዚያ ትሰድበኛለች። ክቡር ፓስተር፣ የዘማሪዎች ክፍል አባል የሆነች ሴት ያን ሁሉ ስድብ ከየት እንዳመጣችው እርስዎ ቢያጣሩ ይሻላል። አንድ ቀን ሰልችቶኝ፣ "ሎርና፣ የፓምን ወረቀት ፈርመሽ ለምን አትገላገይም?" አልኳት። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ከፊቷ ጠረገች። "ዴል፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸው ሰዎች ሁሉ ዋኝተው ነው የወጡት። ሎይድ ዋኝቷል። ሜርል ዋኝቷል። በበር የገቡ ሰዎች ቤት እኔ በመስኮት አልገባም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ወረቀት አንስቼ አላውቅም።

በጥር መጨረሻ ተፈተነች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው መሃል ላይ ስትደርስ የዋናተኞችን መስመር የሚለየውን ገመድ ያዘች። ገመድ መያዝ አይፈቀድም። አወጣኋት፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። እውነቱን ልናገር? ልፈርምላት ነበር።

"ደርሰሻል እኮ፤ ይበቃል፣ እፈርማለሁ" አልኳት።

"ዴል ኦስትራንደር፣ ደንቡ እስኪሻር ድረስ በዚህ ገንዳ ፈተና ስንት ልጅ ጥለሃል?"

"አርባ አንድ።"

"ሦስት ተኩል ለዋኘ ልጅ ፈርመህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ምን ነካህ?"

አፈርኩ። ወገኖቼ፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ ገንዳ ዳር፣ እንደ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ። ግን ደግሞ ኮራሁባት፤ እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

ፋሲካ መጣ፣ ፋሲካ አለፈ። ሐኪሙ የሰጣት ቀን አለቀ፤ እሷ ግን አላለቀችም። ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሁለተኛ ረቡዕ ጠዋት እንደገና ገባች። ማንም እንዳይሰማ ብላ ነበር፤ ዋናተኞቼ ግን እንዴት እንደሰሙ አላውቅም፣ አሥራ ሰባት ሆነው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። እነሱን ስታይ፣ "አንድ ሰው ቢያጨበጭብ ወጥቼ እሄዳለሁ!" አለች።

አንድ። በጀርባዋ ነው የዋኘችው፤ ይፈቀዳል። ሁለት። እኔ ረጅሙን የማዳኛ ዘንግ ይዤ በጠርዙ አብሬያት እሄዳለሁ። ሦስት። አራተኛው መሃል፣ በጥር ያቆመችበት ቦታ ላይ፣ ቆመች። ገመዱ በእጇ ልክ ነው። ዘረጋ ብታደርግ ትይዘዋለች። አልያዘችውም። በጀርባዋ ተንሳፍፋ ጣሪያውን እያየች ተነፈሰች። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ከዚያ እግሯን አንቀሳቀሰች። እኔ አልጮህኩም! ራሷ ነች ያንቀሳቀሰችው። ግድግዳውን ነካች።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ልጆቹ ቃሏን ፈርተው እንባቸውን እያፈሰሱ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሎርና ቀና ብላ አየቻቸው።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች። "አሁንማ ይቻላል!"

ፈረምኩ። ፓምም ያን ዕለት ከምሳ በፊት ሃምሳ ዓመት ባዶ የቆየውን ቦታ በመዝገቡ ላይ ሞላችው። ያለፈው ማክሰኞ ደግሞ ሎርና ዐረፈች።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ስትገቡ የተሰጣችሁን ወረቀት ተመልከቱ። ከስሟ ሥር ያለውን መስመር አንብቡ። "የክብር ምሩቅ" ይላል። ያሳተመው ቢሯችን ነው፤ በቅንነት ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ግን ንገሩኝ፤ ሎርና በሕይወቷ ሳለች ሦስት ጊዜ የመለሰችውን ስጦታ፣ ዛሬ እጇን ማንሳት በማትችልበት ቀን በግድ እናስጨብጣት? አይሆንም! እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ። የሌላችሁ በጥፍራችሁ። "የክብር" የምትለዋን ቃል ሰርዟት። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እርስዎም ጭምር። አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ፣ ሰረዛችሁ? ጥሩ።

ከርት፣ ልጄ፣ አንተ ቤተሰብ ነህ። የቀረውን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልን።

"ሎርና ፌንስትራ፣ ምሩቅ።"

ሰማሽ፣ ሎርና? ማንም ውለታ አልዋለልሽም፤ ማንም አልራራልሽም። የራስሽን ነው ይዘሽ የምትሄጂው። አፈሩ ይቅለልሽ፣ እህቴ። ደህና ሁኚ።