ዋሻው በር ላይ ማን ይቅደም

እዚህ ውጭ አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥጉን ይዘን ጌም እንጫወታለን። እኔ ታሪኩን እተርካለሁ፤ ጓደኞቼ ሳሮንና ዮናስ ጀግኖቹን ሆነው፣ ዳይስ፣ ባለ ነጥብ ጠጠር፣ እየጣሉ ይገቡበታል። "በአማርኛ አይሆንም" ስላሉኝ፣ እልህ ይዞኝ ታሪኩን ከነአገሩ ራሴ ፈጠርኩት። ባለፈው እሑድ ከምግብ ቤቱ የማይጠፉት ጡረተኛ፣ ጋሼ ታዬም አብረውን ተቀመጡ።

"ጎርፍ ከኋላችሁ እየመጣ ነው። ማምለጫው ጠባብ የዋሻ በር ነው፤ አንድ በአንድ ነው የሚያስገባው። ሶ፣ ማን ይቅደም?" አልኩ።

"ጋሼ ይቅደሙ" አለች ሳሮን።

"ኧረ እናንተ ልጆቹ ግቡ" አሉ ጋሼ።

"እርስዎ ቆመው? አይሆንም" አለ ዮናስ።

"ውሃው ደረታችሁ ደርሷል" አልኩ።

"በሞቴ፣ ግቢ ሳሮን" አሉ ጋሼ። እሷ ንቅንቅ አላለችም፤ እኔን በዓይኗ ትለምነኛለች።

አልራራሁም። "ሰጠማችሁ፤ ሁላችሁም።"

ጋሼ ብድግ ሲሉ ተቀይመው ሊሄዱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ኮታቸውን ሊያወልቁ ኖሯል። "በል፣ እንደገና ጀምር" አሉኝ።

ጨርሰን ስንወጣ ምግብ ቤቱ በር ላይ ሦስታችንም ገለል ብለን "ይቅደሙ ጋሼ" አልናቸው።

"እዚህም ልታሰጥሙኝ ነው?" አሉና ቀድመው ወጡ።