ቅቤ የገባበት ምስር

የሐበሻ ሱቆች በሞሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስዞር ጋሼ ለይኩንን ከሥጋ ቤት ሲወጡ አገኘኋቸው። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ገሊላ አለች። ካልቨር ሲቲ በአንድ ክሊኒክ የምግብ አማካሪ ናት፤ የሥጋውን ፌስታል ይዛ ትሟገታቸዋለች።

ጋሼ ለይኩን ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወረብ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ድርቀቱም ጠንቶባቸው ማኅሌት መቆም አቃታቸው። ዕርገት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። «መቋሚያዬን ለሌላ ላስረክብ ነው፣» አሉኝ።

ገሊላ አመጋገባቸውን ጠየቀች። ጠዋት ነጭ ዳቦ በእንቁላል፣ ምሳ ጥብስ፣ ራትም ጥብስ! ሁዳዴን ግን ሆዳቸው ሰላም ነበር። የጾሙ በረከት ነው አሉ። በረከቱንስ ማን ይክዳል?

«ጋሼ፣ በረከቱ እንዳለ ሆኖ፣» አለች ገሊላ፣ «በጾሙ ምስር፣ ባቄላና ሽንኩርት ትበላ ነበር። እነሱ ውስጥ ሆዳችን የማይፈጨው አሰር አለ። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ የሚኖሩት ጥሩ ባክቴሪያዎች ይመገቡትና አንጀትህን የሚጠቅም ነገር ይሠራሉ። ሶ አሁን ያስራብካቸው አንተ ነህ።»

ጋሼ ተቆጡ። «በበዓለ ኀምሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ አትጹሙ ባለችበት፣ ምስር ልብላ? የተማረ ይግደለኝ ያልኩት ለዚህ ነው?»

በእኛ ዘንድ በፍስክ የጾም ወጥ ማቅረብ ነውር ነው። ይህ ልማድ የስንቱን አንጀት እንዳስራበ ግን ማን አስቦት!

ገሊላ ፈገግ አለች። «ኦኬ፣ ቅቤ ጣል አድርግበት። ቅቤ የገባበት ምስር ምኑ ጾም ነው?»

«እሱስ ልክ ነሽ፣» አሉ ጋሼ። እሷም ሥጋውን አልከለከለቻቸውም፤ ምስሩ ከጎኑ ይኑር፣ በአንዴ ከበዛ ስለሚነፋ ቀስ እያልክ ጨምር፣ ውኃ ጠጣ፣ ካልተሻለህ እኔው ድራይቭ አድርጌ ሐኪም ጋ እወስድሃለሁ አለቻቸው። ታክሲ ነጂው ሳቁ። ከሥጋ ቤቱ ጎን ካለው ሱቅ ገብተን ምስርና ያልተፈተገ ገብስ ገዛን።

ዕርገት ዕለት ከበሮው ሲመታ ወረቡን ማን መራ? ጋሼ ለይኩን! እልልታው ቀለጠ፤ ገሊላ አለቀሰች፤ እኔም አላፍርም፣ አለቀስኩ።

እናንተም ከዚህ ተማሩ። አንጀቱን የመገበ ሆዱ ይቀለዋል፣ ጉልበቱም ለሥራና ለምስጋና ይተርፈዋል። ልማድን ማክበር ደግ ነው፤ መመርመርም ደግ ነው።

የዚያን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ መቋሚያ ሊያስረክቡ የነበሩት ሰው ጭልፋ ይዘው ከጥብሱ ጎን ምስር ሲያወጡ ነበር። አንዲት እናት ምስሩ የጾም ወጥ መስሏቸው ሳህናቸውን ሸሸግ ቢያደርጉ፣ ጋሼ ጎንበስ ብለው፣ «እትዬ፣ ቅቤ አለበት፤ ይብሉ፣» አሉ።